ከዳቦ ቤቱ ምድጃ ጋር የታጨሁበት ቀን

ነገሩ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ ነው፤ ዳቦ በሰልፍ በሚገዛበት፣ እኔም ሠርጌ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት በቀሩኝ ሰሞን። እንዳልረሳው የሚያደርገኝ አንድም ጣቴ ላይ የቀረው ጠባሳ ነው። ሌላው ደግሞ ባለቤቴ ስንዱ ናት፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታወራዋለች። ታጋንናለች ብዬ ስለማምን «እስቲ እኔው በትክክል ልጻፈው» ብዬ ዛሬ ቁጭ አልኩ። ቁጭ ስል ግን ማጋነን የሚያስፈልገው ቦታ አጣሁበት። እኔን ለማዋረድ እንዳለ ማውራቱ ይበቃል።

ያኔ መንግሥት ለሙያ ትምህርት ምሥራቅ ጀርመን ከላካቸው ወጣቶች አንዱ ነበርኩ። አብረውኝ የሄዱት የሞተር ጥገና፣ የማተሚያ መሣሪያ፣ የባቡር ሙያ ተምረው መጡ። እኔ የተማርኩት ብረትን ከብረት በሙጫ ማጣበቅ ነው። አትሳቁ! ተራ ሙጫ እንዳይመስላችሁ፣ እሳት የሚችል ሙጫ ነው። በሁለቱ ብረቶች መካከል ትቀቡታላችሁ፣ ሙጫው ውስጥ እንደ ወንፊት ያለ ቀጭን የሽቦ መረብ ታስቀምጣላችሁ፣ ከዚያ በሽቦው ኤሌክትሪክ ትለቃላችሁ። ሽቦው ይግላል፣ ሙጫው ከውስጥ ይበስላል፣ ይደርቃል። ከዚያ ወዲያ እሳት ቢነድበትም አይላቀቅም። ብየዳ የለ፣ ብሎን የለ።

እኔ እንግዲህ ይህን ይዤ አገሬን ላሳድግ መጣሁ። በተመደብኩበት የጥገና ክፍል አለቃዬ በጥሞና አዳመጠኝና «በጣም ጥሩ፤ እስከዚያው ግን የኮሪደሩን አምፖሎች ቀይር» አለኝ። እስከዚያው ያለው ነገር አላለቀም። በሻንጣዬ ይዤ የመጣሁት የሙጫ ቆርቆሮ አልጋዬ ሥር አቧራ ጠጣ፣ እኔ አምፖል ስቀይር ከረምኩ።

የስንዱ እናት ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ። ልደታ ማርያም ጀርባ የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ፊት የማይሰጡ ሴት ነበሩ። ሽማግሌ ስልክባቸው መጀመሪያ የጠየቁት ሥራዬን ነው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው «የኢንጂነር ነገር ነው» ብለው ሊያልፉት ሲሉ ሌላው፣ ውሸት የማይሆንላቸው ሰው፣ «ሙጫ ነው የተማረው» ብለው አረፉት።

«የሰው ልጅ ባሕር ተሻግሮ ዶክተር ሆኖ ይመጣል፤ የኔን ልጅ ደግሞ ሙጫ የተማረ ገጠማት?» አሉ አሉ። ስንዱ እሱ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ባትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር።

የቀለበት ዕለት ግን ያላሰብኩትን አደረጉ። የሟች ባላቸውን የወርቅ ቀለበት አምጥተው በገዛ እጃቸው ጣቴ ላይ አጠለቁልኝ። «ይኼ ከባሌ ጣት የወጣው ሲገነዝ ብቻ ነው» አሉኝ። «አንተም እስከ ሠርጉ እንዳታወልቀው። ያወለቅህ ዕለት ልጄን እርሳት!» እኔም ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት እናቴ ትሙት ብዬ ማልኩ።

የሙያችን የመጀመሪያው ትምህርት ደግሞ ኤሌክትሪክ አጠገብ ስትሠራ ቀለበትህን አውልቅ የሚል ነው። ምን ላድርግ? አሰብኩና ቀለበቱን ኤሌክትሪሺያኖች ሽቦ በሚጠቀልሉበት ጥቁር ናስትሮ ዙሪያውን ጠቀለልኩት። አወለቅኩም አላወለቅኩም፤ ሁለቱንም ሕግ ጠበቅኩ። በብልሃቴ እኔው በጣም ተደነቅኩ።

በዚህ መሐል ነው ወደ አብነት ወረድ ብሎ ያለው የሰፈራችን ዳቦ ቤት ምድጃ የተሰበረው። ምድጃው የድሮ ነው፣ ብረቱ ጊዛ ነው፤ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ፣ ሲመቱት የሚሰበር ብረት። የከባዱ መዝጊያ ማጠፊያ የመዳፍ ያህል ቁራጭ ሆኖ ከክፈፉ ላይ ተገንጥሎ ወደቀ። መዝጊያው ካልተገጠመ ሙቀቱ ይወጣል፣ ዳቦ አይበስልም። በያጅ መጥቶ ሞከረ፤ ጊዛ ደግሞ ብየዳ አይወድም፣ ስንጥቁ ጭራሽ ረዘመ። ሰፈሩ ያለ ዳቦ ሰነበተ። ሰው ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ዛሬ ይጋግሩ ይሆናል እያለ ጠዋት ጠዋት ይሰለፋል። ራሱ መቆም ያልቻለ ዘንቢሉን ያስቀምጣል፣ ዘንቢል የሌለው ድንጋይ ያስቀምጣል። ድንጋዩንም ሰው ያከብርለታል።

አንድ ጠዋት በዚያ ሳልፍ የዳቦ ቤቱ ኃላፊ ጓድ ሙላቱን በሰልፈኛው ተከበው ላብ በላብ ሆነው አየኋቸው። ወይዘሮ አስካለ ከሰልፈኛው ፊት ናቸው። «ዳቦ የለም ማለት ምን ማለት ነው? ብረት እንዴት ሰው ያቅተዋል?» እያሉ ያፋጥጧቸዋል።

አፌን በቆረጠው! «እኔ እሠራዋለሁ» አልኩ። ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ። «ነገ ጠዋት ትኩስ ዳቦ ትበላላችሁ» አልኩ። እሱም አልበቃኝ፣ «ይኼ ማጠፊያ እኔ ከያዝኩት በኋላ ምድጃው ያረጃል እንጂ እሱ አይላቀቅም» ብዬ ጨመርኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወይዘሮ አስካለ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «በሙጫ?» አሉ። «በሙጫ» አልኳቸው።

በማግስቱ ቆርቆሮዬን ከአልጋ ሥር አውጥቼ፣ ከአንድ ጋራዥ የባትሪ ቻርጀር ተውሼ ደረስኩ። ሰልፈኛው እንደተሰለፈ ነው፤ ተሰልፎ ያየኛል። ወይዘሮ አስካለ ባልጩት የምታህል ድንጋያቸውን አንስተው በቦታዋ ራሳቸው ቆመዋል። እኔም ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩ፣ ሙጫውን ቀባሁ፣ የሽቦውን መረብ አስገባሁ፣ ቁራጩን ማጠፊያ ከቦታው ገጠምኩ። ከዚያ በማጥበቂያ ሊታሰር ነው። ማጥበቂያው ግን ጥጉ ላይ አልገባ አለ። ገለበጥኩት፣ አልገባም። በጎን ሞከርኩት፣ አልገባም።

አስተዋይ ሰው ቢሆን «ትንሽ ታገሡኝ፣ የሚሆን ማጥበቂያ ፈልጌ ልምጣ» ይላል። እኔ ግን አማቴ ሊሆኑ ያሉ ሴት እያዩኝ ነው። ቀለበት ያለበትን ግራ እጄን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ቁራጩን በእጄ ደግፌ ያዝኩትና በቀኝ እጄ ቻርጀሩን ለኮስኩት።

መጀመሪያ ደስ የሚል ነበር። ሙጫው ሞቅ ሲል ሸተተ፣ ሰልፈኛው አንገቱን አሰገገ፣ እኔም ማስተማር ጀመርኩ። «አሁን ሙጫው ከውስጥ እየበሰለ ነው! በሠለጠነው ዓለም ብየዳ ቀርቷል!» እላለሁ። ጣቴ አካባቢ ሞቀኝ። ሳይንስ ነው ብዬ ቻልኩ። ከዚያ አቃጠለኝ። ለካ ጆንያው ተንሸራትቶ፣ ተጨምቆ የወጣው ሙጫ ቀለበቱ ላይ ፈስሶ፣ ናስትሮው ቀልጦ፣ የሽቦው ጫፍም ቀለበቱን ነክቷል። ኤሌክትሪክ ደግሞ እንደ ሰው ነው፣ አቋራጭ ካገኘ ዙሪያ ጥምጥም አይሄድም። ረጅሙን መረብ ትቶ በቀለበቴ በኩል ወደ ብረቱ ማለፍ ጀምሯል።

እጄን ልልቀቅ ብል ማጠፊያው ይወድቃል፣ ክብሬም አብሮ ይወድቃል። ጥርሴን ነክሼ ማስተማሬን ቀጠልኩ። እንባዬ ወረደ። ጓድ ሙላቱ እንባዬን አይተው ተነኩ፤ «ተመልከቱ ጓዶች! ለሰፊው ሕዝብ ብሎ ነው!» አሉና አስጨበጨቡልኝ። እየተጨበጨበልኝ ነደድኩ።

በመጨረሻ ቻርጀሩን አጠፋሁና «አበቃ!» አልኩ። ጭብጨባው ቀለጠ። እጄን ላነሳ ስል እጄ አልመጣም። እንደገና ሳብኩ። ጆንያው መጣ፣ ሌሎቹ ጣቶቼ መጡ፣ የቀለበት ጣቴ ቀረ። ቀለበቱ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኗል፣ ጣቴ ደግሞ አብጦ ቀለበቱ ውስጥ ተሰንቅሯል።

አሁን የሆነውን ስነግራችሁ ታፍሩልኛላችሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ምድጃውን ደገፍ ብዬ፣ እንደሚዝናና ሰው እግሬን አጣምሬ ቆምኩ።

«እንግዲህ እናቀጣጥል?» አሉ ጓድ ሙላቱ።

«አይቻልም! ሙጫው ይረፍ።»

«እስከ መቼ ነው የሚያርፈው?»

«እንደ አየሩ ሁኔታ ነው።»

እንጨቱ ገብቶ፣ ሊጡ ተድቦልቡሎ እኔን ይጠብቃል። ሰልፈኛው ማጉረምረም ጀመረ። ከሁሉም የባሰው ግን ወይዘሮ አስካለ ናቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘኑልኝ። በብርጭቆ ውኃ ይዘው መጡና «ልጄ፣ ደክሞሃል እኮ፣ ለምን አረፍ አትልም? እኔስ እንዲህ ትጉህ መሆንህን አላውቅም ነበር» አሉኝ። ልጄ ብለውኝ አያውቁም። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

እሱን ጠጥቼ ሳልጨርስ ስንዱ መጣች። አንዴ ፊቴን አየች፣ አንዴ እጄን አየች፣ ጠጋ ብላ «ቀለበቱ ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ። ራሴን ነቀነቅኩ። ለዳቦው መጋገሪያ ከሚቀቡት ዘይት በጣሳ አመጣችና ጣቴ ላይ አፈሰሰችው። ጣቴ ከነቆዳው ሳይሆን ከቆዳው ተለይቶ ወጣ ማለት ይቀላል። እሪ አልኩ!

ሰልፈኛው ሁሉ ዞረ። የምድጃው ማጠፊያ ላይ የወርቅ ቀለበት ቁጭ ብሎ ያብለጨልጫል። ከዚያ ከኋላ አንድ ጡረተኛ «እሰይ፣ ምድጃዋን አጫት!» አለ። ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። አንዲት ሴት እልልታዋን ለቀቀችው፣ ሌሎቹም ተቀበሏት። በእውነተኛው የቀለበቴ ዕለት እንኳ እንዲያ አልተባለልኝም።

ያልሳቁት ወይዘሮ አስካለ ብቻ ነበሩ። ቀስ ብለው መጥተው ቀለበቱን በጣታቸው ነኩት። «አውልቀው» አሉኝ። መሮ አምጥቼ መታሁ፣ ንቅንቅ አላለም። በመጋዝ ልቁረጠው አልኩ። «የባሌን ቀለበት?» አሉ። እንግዲያስ ማጠፊያውን ልስበረው ስል ጓድ ሙላቱ ጮኹ። «የሕዝብ ንብረት ነው! ይኼ ሁሉ ሰው ዳቦ እየጠበቀ!» ሳቁ ቆመ። ሰልፈኛው ሁሉ አሁን የሚያየው ወይዘሮ አስካለን ነው።

እሳቸው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሠሩ። አንድ እግራቸውን ምድጃው ላይ አስደግፈው ቀለበቱን በሁለት እጃቸው ያዙና ጎተቱ። ደግመው ጎተቱ። የአንገታቸው ሥር ተገታተረ። ከዚያ ለቀቁትና ትንፋሻቸውን ሰብስበው ዞሩ።

«ከጣትህ ወጥቷል» አሉኝ። «ምለህልኝ ነበር።»

«አዎ» አልኩ። ስንዱ ክንዴን ይዛ ትንቀጠቀጣለች። ያኔ ነው ማጣት ምን እንደሆነ የገባኝ። ሳቁም፣ ጣቴም፣ ክብሬም ድራሹ ጠፋብኝ። እሷን አጣኋት ብዬ ብቻ ነው የማስበው።

ወይዘሮ አስካለ ግን አልጨረሱም ነበር። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ይህ ሰውዬ ሙጫዬ እሳት ይችላል ብሏል፤ ሁላችሁም ሰምታችኋል» አሉ። «እንግዲያው እሳት ይፍረድ! ምድጃው ይቀጣጠል። ቀለበቱ ከወደቀ ቀለበቴን ይዤ፣ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ። ካልወደቀ ሠርጉ ይሆናል።»

ምድጃው ተቀጣጠለ። በሕይወቴ ጸልዬ አላውቅም አልልም፤ ለሙጫ ስጸልይ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነው። የመጀመሪያው ዳቦ ገባ፣ በሰለ፣ ወጣ። ከፊት ያሉት ትኩሱን እየያዙ መረቁኝ። ቀለበቱ እንዳለ ነው። ልቤ መለስ አለች። እንዲያውም ቀስ በቀስ ጉራዬ እየተመለሰ «አላልኳችሁም?» ልል አፌን ከፈትኩ።

ሁለተኛው ዳቦ ሊወጣ መዝጊያውን ሲስቡት ማጠፊያው ተላቅቆ መዝጊያው ጓ! ብሎ መሬት ላይ ወደቀ። አመዱ ሁላችንንም አለበሰን። ዳቦው ምድጃው ውስጥ ቀረ። የፊተኞቹ የመረቁኝን የኋለኞቹ በእጥፍ ረገሙኝ። ኤሌክትሪኩ ሁሉ በቀለበቱ በኩል ስላለፈ ለካ የበሰለው እዚያች ቦታ ያለው ሙጫ ብቻ ነው። ዋናው ሙጫ፣ ለሥራው የተቀባው፣ ገና ሊጥ ነበር፤ እሳቱ ሲደርስበት ለስልሶ ሸሸ። ባሕር ተሻግሬ ከተማርኩት ሙያ በትክክል ያጣበቅኩት ነገር ቢኖር ላጣብቅ ያላልኩትን ነው።

ወይዘሮ አስካለ አመዱን ገለጥ ገለጥ አድርገው ቁራጩን ማጠፊያ በነጠላቸው ጫፍ አነሱት። ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን። ቀለበቱ ከቁራጩ ብረት ላይ ንቅንቅ አላለም።

«መዝጊያው ነው የወደቀው» አሉ። «ቀለበቱ አልወደቀም። ሠርጉ ይሆናል።» ብረቱ በረድ ሲልላቸው በነጠላቸው ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ጓድ ሙላቱ የሕዝብ ንብረት ብለው ሊከተሏቸው ሁለት እርምጃ ተራመዱና ፊታቸውን ሲያዩ ተመለሱ። ምድጃውም በኋላ የላሜራ መዝጊያ ተሠርቶለት ሰፈሩ ዳቦውን በላ፤ ከኔ ምንም አልተጠየቀም፣ እንዳልቀርብ ብቻ ተነገረኝ።

የሠርጉ ዕለት ቀለበት ሊባረክ የአማቴ የነፍስ አባት ትሪው ላይ የተሸፈነውን ገለጡት። ጥቁር የጊዛ ቁራጭ፣ ጫፉ ላይ የወርቅ ቀለበት። «ወይዘሮ አስካለ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አሉ።

«ቀለበት ነው አባ፤ ትንሽ ከበደ እንጂ» አሉ አማቴ። ቄሱ ባረኩት። እኔም የተላጠ ጣቴን አስገብቼ፣ ብረቱን ሚዜዬ ከሥር ደግፎልኝ ፎቶ ተነሣሁ።

ከዚያ ወዲህ ይህን ታሪክ እኔም አወራው ነበር፣ በራሴ መንገድ። ሁሉ ነገር ሲወድቅ ሙጫዬ ግን ትዳሬን ይዞ ቀረ እያልኩ ለዓመታት ጉራዬን ቸረቸርኩ። አንድ ግንቦት ልደታ ጎረቤት ተሰብስቦ ግቢ ውስጥ ንፍሮ እየተበላ ሳለ ይህንኑ ስደሰኩር አማቴ፣ ያኔ በጣም አርጅተዋል፣ ከተቀመጡበት «አንተ ሰውዬ፣ አሁንስ በዛ!» አሉኝ።

«ምን አጠፋሁ እማዬ?»

«እኔ መጀመሪያ በሁለት እጄ አልጎተትኩትም? የማይወልቅ መሆኑን እጄ አያውቅም? እሱን አውቄ እኮ ነው እሳት ይፍረድ ያልኩት። እንዳታወልቀው ብዬ በሰው ፊት አስምዬህ፣ በሰው ፊት በምን አፌ ልማርህ? ልጄ እዚያ ቆማ እየተንቀጠቀጠች!» ንፍሯቸውን ዘገን አደረጉ። «ሙጫው አዳነኝ ይላል ደግሞ!»

ጎረቤቱ በሳቅ አለቀ። ከሁሉ በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ፣ ምክንያቱም ሌላ ምን ይደረጋል? ከዚያ ጓዳ ገብቼ ብቻዬን ትንሽ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ዘመን በቁራጭ ብረት ስኮራ፣ አንድም ቀን አመሰግናለሁ ብያቸው አላውቅም ነበር። ተመልሼ ወጥቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። «ምን ሆነህ ነው ደግሞ፣ ተነሣ፣ ሰው ያያል» አሉኝና ከዘገኑት ንፍሮ እጄ ላይ ጨመሩልኝ።